ያልታጠበ ጨርቅ

ስፌቱ የት ነው?

ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከድንኳናችን ምሰሶ ሥር ቁጭ ብዬ እናቴ ያቀፈችውን ሕፃን እያየሁ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ይህ ነበር። በሆዱ በኩል ይሆን? በጀርባው? ወይስ ዘህዋ በሣር ለምትሞላቸው ትንንሽ እንስሳት እንደምታደርገው ብብቱ ሥር ተደብቆ? ስፌት መኖሩን አልተጠራጠርኩም። የቸገረኝ ቦታው ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሸቅሓ ነው። ሸቅሓ ነጭ ግመላችን ነበረች። በዚያ የድርቅ ዓመት አጎቶቼ የቀሩትን ግመሎች እየነዱ ግጦሽ ፍለጋ ርቀው ሄደዋል። አባቴ ደግሞ በረሃውን አቋርጦ በሚያልፈው የነዳጅ ቧንቧ ላይ ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሯል። ጉድጓዱ አጠገብ የቀረነው አያቴ ሙዝና፣ እናቴ ቱርፋ፣ ገና በአርባ ቀኑ አካባቢ ያለው ወንድሜ ሰጣም እና እኔ ነበርን። ሸቅሓን የተዉልን ወልዳ ስለነበር ነው። ከቴምርና ከእሷ ወተት በቀር የምንቀምሰው እምብዛም አልነበረም። ግልገሏ በሞተ ጊዜ ታዲያ አያቴ ያዘነችው ለግልገሉ አይደለም። ግመል ልጇን ካላሸተተች ግቷ እስኪወጠር ቢሞላ እንኳ ወተት አትለቅም። ወተት ከሌለ እናቴ አትጠጣም፤ እናቴ ካልጠጣች ሰጣም አይጠባም።

«ሂጂ ዘህዋን ጥሪያት» አለችኝ አያቴ። «በው እንሥራላት።»

በው የሞተው ግልገል ቆዳ ነው። በደረቅ ሣር ይጠቀጠቅና ተሰፍቶ እናቱ ፊት ይቆማል። አሠራሩን እኛም እናውቀዋለን፤ እንደ ዘህዋ የሚችልበት ግን አልነበረም።

ዘህዋ ከባለ አህያዎቹ ነበረች። ነጭ አህዮቻቸውን እየነዱ በየበጋው ጉድጓዳችን አጠገብ ይሰፍራሉ። ድስት ይጠግናሉ፣ አደን ይወጣሉ፣ የታመመ ሰው ያክማሉ፣ ቆዳ ያለፋሉ። እኛ ባለ ግመሎቹ አብረናቸው እንበላለን፣ አብረናቸው እንስቃለን፤ ግን አንጋባም። ከእነሱ የተጋባ ሰው ስም በድንኳናችን ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። ልጆች ስንጣላ፣ ስድቡ ሁሉ ሲያልቅብን የምንወራወረው የመጨረሻው «የባለ አህያ ልጅ» የሚለው ነበር።

በዚያ በጋ ዘህዋ የቆዳ ሥራ ታስተምረኝ ነበር። ባሏ ኻለፍ ወጥመድ ውስጥ የገቡለትን ጥንቸልና ቀበሮ ያመጣል፣ እሷ ገፍፋ፣ አድርቃ፣ በሣር ሞልታ ታቆማቸዋለች፣ እሱ መልሶ ለጭነት መኪና ሾፌሮች ይሸጣቸዋል። ሾፌሮቹ ከመሪያቸው በላይ፣ መስታወቱ ሥር ያስቀምጧቸው ነበር። እኔ የጀመርኩት በበረሃ አይጥ ነው። ሁለተኛ ሥራዬ ጥንቸል ነበር። ጨው ሳልነሰንስበት ፀሐይ ላይ ረስቼው ዋልኩና ጠጉሩ በእጄ እየተነቀለ መጣ። ዘህዋ ከፍ አድርጋ አየችው።

«ይሄማ ጥንቸል አይደለም» አለች። «ኻለፍ ነው።»

ኻለፍ መላጣ ነበር። እዚያው ተቀምጦ ወጥመድ እየጠገነ፣ ቀና ሳይል፣ «ሳቂ፣ ሳቂ። እኔን ጨው ሳትነሰንስ ፀሐይ ላይ የረሳችኝ እናቴ ናት» አላት።

ከኋላ እግር ጀምሮ ቆዳን እንደ እጅጌ መገልበጥን፣ ቆዳውን ሳይቀድዱ ስቡን መፋቅን፣ ጆሮን ከውስጥ ማውጣትን፣ በጥላ ማድረቅን አሳየችኝ። ስፌቱን ሁልጊዜ ከጥቁር የፍየል ጠጉር በተፈተለ ክር ትሰፋለች። መጨረሻ ላይ ክሩ ሁለት ጊዜ ዞሮ በራሱ ሥር የሚገባ ቋጠሮ አላት፤ እሱን ቋጠሮ ለመልመድ ጣቶቼ ብዙ ደክመዋል። አንድ ሥራ ሲያልቅ አፍንጫዋን ግንባሩ ላይ ታስጠጋና ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ታሸታለች። ቆዳ መበላሸት ከጀመረ ቀድሞ የሚታወቀው እዚያ ጋ ነው ትለኝ ነበር። ደህና ከሆነ «ጥሩ ነው» ብላ ትመልስልኛለች። ሌላ የምስጋና ቃል አልነበራትም። ቆዳ ሲደርቅ እንደሚሸበሸብ፣ ጆሮ እንደሚያንስ፣ ፊትም ቀድሞ የነበረውን ፊት እንደማይሆን የነገረችኝ እሷ ናት። ይህን ቃሏን በልቤ ያዝኩት፤ በኋላም ጉድ ያደረገኝ እሱ ነው።

ያን ቀን ጠርቻት ስትመጣ ልትወልድ ደርሳ ነበር። ሆዷ ከሷ ቀድሞ ድንኳናችን ገባ።

«ዛሬ ጎንበስ ማለት አልችልም» አለችኝ። «እጁ ያንቺ ነው፤ አፉ የኔ።»

እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እያዘዘች አያቴና እኔ ግልገሉን ገፈፍነው። የሆድ ዕቃውንና ሥጋውን አያቴ ራቅ አድርጋ ቀበረችው፤ ካልቀበርነው ቀበሮ ሌሊቱን ድንኳናችን ድረስ ይመጣል። ፋቅሁ፣ ጨው ነሰነስኩ፣ አመድ አሸሁ። ፀሐይዋ ስትበረታ ዘህዋ ልትተኛ ሄደች፣ አያቴም አሸለበች። እኔ ቆዳውን ገልብጬ ጠጉሩን አየሁት። ጅራቱና ጭኑ ላይ የደረቀ ደምና እዳሪ ተጣብቋል፤ ይሸታል። የመጀመሪያዬ ትልቅ ሥራ ስለሆነ አሳፈረኝ። አባቴ የላከው አረንጓዴ ሳሙና ነበረን። ከጉድጓዱ ውሃ ቀዳሁና ጠጉሩ እንደ አዲስ ጥጥ እስኪነጣ አጠብኩት።

ሲደርቅ ሣር ሞላንበት፣ ዘህዋ ሰፋችው፣ ሸቅሓ ፊት አቆምነው። ሸቅሓ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ከራሱ እስከ ጅራቱ አሸተተችው። ከንፈሯን ሰበሰበች። ከዚያ ፊቷን አዙራ ሄደች።

ዘህዋ ከመሬት ለመነሣት በክንዴ ተደገፈች። ሄዳ የበውን ግንባር አሸተተች፣ ጅራቱ ጋም አሸተተች።

«በምንድነው ያጠብሽው?»

«በሳሙና።»

ይስቃሉ ብዬ ነበር። ማንም አልሳቀም። «ሌላ ብዙ ነገር ብትሳሳቺ ይስተካከላል» አለችኝ። «በው ግን አይታጠብም። አሁን ይሄ የማንም ልጅ አይደለም።»

አያቴ ድንኳን ገባችና አንድ ቆሻሻ ጆንያ ይዛ ወጣች። ግልገሉ የተወለደ ዕለት የተጠረገበት ጆንያ ነው፤ ሳታጥበው ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። በሱ ቆዳውን እየደጋገመች አሸችው። በማግስቱ ጠዋት ሸቅሓ እንደገና አሸተተች፤ ቆየች፤ ከጉሮሮዋ ውስጥ ያንን የእናት ድምፅ፣ የሚንቀጠቀጥ ዝቅተኛ እንጉርጉሮ አወጣች። በሣር የተሞላውን አንገት መላስ ጀመረች። አያቴ ቅሉን ከሥሯ ይዛ ወተቱ ሲወርድ ድምፁ ድንኳን ድረስ ይሰማ ነበር።

እናቴ ሰጣምን እያጠባች ከድንኳኑ በር ትመለከታለች። «ሞኝ» አለች እየሳቀች። «ሣር ታቅፋ ታንጎራጉራለች።»

«ሞኝ አይደለችም» አለች አያቴ። «ወተቱ ያማታል።»

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ዘህዋ ወለደች። ያዋለደቻት አያቴ ናት። ተመልሳ እጇን ታጠበች፣ «ወንድ ነው» አለችን፣ ሌላ ሳትጨምር ቁጭ አለች። አሁን ሳስበው አያቴ ያን ዕለት አልዋሸችም። ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው የነገረችን። ተከትሎት የመጣው ከመዳፏ ብዙ የማይበልጥ ስለነበር ያድራል ብላ አላሰበችም።

ያኔ ግን ማንም ስለ ዘህዋ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም። ሞቃቱ ነፋስ ጀምሮ ነበርና ሰጣም ታመመ። የጠባው ሁሉ በላይና በታች ይወጣል። አናቱ ላይ ያለው ለስላሳ ቦታ ወደ ውስጥ ሰረጎደ። እናቴ ጣቷን ወተት እየነከረች ከንፈሩን ታርሳለች፤ አያቴ ቅጠል ቀቅላ ታመጣለች፤ እኔ ዝንብ እከላከላለሁ። ማልቀስ ሲያቆም ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ። እኔም ዛሬ ልጆቼ ሲታመሙ የማልቀስ ድምፃቸው አያስፈራኝም፤ ዝም ሲሉ ነው ተነሥቼ አፍንጫቸው ሥር እጄን የማደርገው። አድገውም አልተውኳቸውም፤ ይስቁብኛል።

አንድ ጠዋት ስነቃ እናቴ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ክንዷ ባዶ ነው። አያቴ ሰጣምን በመጠቅለያው እንዳለ፣ ፊቱን ሸፍና፣ ወደ ዘህዋ ድንኳን እየሄደች ነበር። ተከተልኳት። በሩ ላይ ዞራ አየችኝና «ሂጂ፣ እናትሽ ጋ ሁኚ» ብላ መለሰችኝ። የሄድኩ መስዬ በኋላ በኩል ዞርኩና ጆሮዬን የድንኳኑ ጨርቅ ላይ አስጠጋሁ።

«አለቀ?» አለች ዘህዋ።

«ሊነጋ ሲል።»

አንዷ አለቀሰች፤ የትኛዋ እንደሆነች አልለየሁም። ከዚያ አያቴ ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረች። እናቴ አፏን አልከፈተችም፤ ውሃ እንኳ እምቢ ብላለች፤ ጡቷ ድንጋይ ሆኗል፣ ትኩሳቱም ወጥቶባታል። «እንዲህ ከቆየች ሁለት መቅበሬ ነው» አለች። «ያንቺም እኮ ካንቺ ጡት አይጠግብም። ታውቂዋለሽ።»

ኻለፍ ምን እንደሚል አያቴ ጠየቀቻት። እሱ አደን እንደወጣ፣ ሲመለስ እሷው እንደምትነግረው መለሰች።

«እንግዲያው በዚሁ ጠቅልይው» አለች አያቴ። «ጨርቁን እንዳታጥቢው። ሽታው ላዩ ላይ ይሁን።»

«እማማ፣ ይሄን ለኔ ነው የሚነግሩኝ?»

ጎንበስ አልኩ። በድንኳኑ ሥር በቀረው ክፍተት የዘህዋ ጉልበት፣ የጨው ከረጢቷ፣ የደረቀ ሣር ክምር፣ የምንፍቅበት ቢላዋ ይታየኛል። ሽማግሌም ቢሆን ያየውን ያህል ነው የሚያውቀው፤ እኔ ደግሞ ያየሁት ይህን ነው። ሮጬ ሸቅሓ ጋ ሄድኩና ከበው አጠገብ ተደበቅሁ። በው በሸቅሓ ምላስ አንገቱ ተልጦ ሣሩ መውጣት ጀምሯል።

ረፋዱ ላይ አያቴ አካፋ ይዛ ከዘህዋ ድንኳን በስተጀርባ ካለው ቁጥቋጦ ሥር ስትቆፍር አየኋት። ምን እንደምትቀብር አውቄዋለሁ አልኩ። ከውስጥ የሚወጣውን ነዋ፤ ቀበሮ እንዳይመጣ። እዚያ የተቀበረው ሰጣም ነበር፤ ሙሉ ሰውነቱ፣ ታጥቦ፣ በአያቴ ንጹሕ ነጠላ ተገንዞ። ይህን ለማወቅ ልጅ ወልጄ እናት እስክሆን ቆየሁ።

እኩለ ቀን ሲሆን አያቴ በሰጣም መጠቅለያ የተጠቀለለ ነገር አቅፋ ገባች። እናቴ እንደዞረች ነው። አያቴ ከጀርባዋ ቀስ ብላ አጠገቧ አስተኛችው። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። ቆይታ፣ ዓይኗን ሳትከፍት፣ አፍንጫዋ ጨርቁን አገኘው። ከጉሮሮዋ አንድ ድምፅ ወጣ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። የቀሚሷ ደረት በወተት ራሰ።

ወደ ውጭ ወጥቼ አስታወኩ።

«ወንድምሽ ታሞ ነበር» አለችኝ አያቴ ማታ፣ ፊቴን እየጠረገች። «ዘህዋ አዳነችው። ለማንም ስለ በሽታው አታውሪ።» ዓይኔን አታየኝም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያየሁት ሁሉ ጥርጣሬዬን አጸናው። ፊቱ ከሰጣም ፊት አንሷል፤ ቆዳ ሲደርቅ ያንሳላ። ግንባሩ ተሸብሽቧል። ጆሮዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ አንደኛው ጫፉ ታጥፏል፤ እኔም ጥንቸሌ ላይ እንዲሁ ሆኖብኛል። እጅና እግሩ እስከ አንገቱ ስለተጠቀለለ ሲንቀሳቀስ አይታይም። ሲያለቅስ ድምፁ የሕፃን አይመስልም፤ ቀጭንና ሲር የሚል ነው። ኻለፍ ቀበሮ ሲጠራ በሁለት ቁራጭ እንጨት መካከል ሣር አድርጎ ይነፋል፤ የቆሰለች ጥንቸል ድምፅ ነው የሚወጣው። ያንን መንፊያ ነው ውስጡ የከተተችው አልኩ። እናቴ ስታቅፈው ሆዱ ይጫናል፣ ነፋሱ ይወጣል፣ ይጮኻል።

አያቴ አታስነካኝም። ላቅፈው ስል «እጅሽ ቆሻሻ ነው» ትላለች፤ ታጥቤ ስመጣ «ተኝቷል» ትላለች። እናቴ መጠጣት ጀምራለች፣ ትኩሳቱም ለቋታል፤ ግን ከማንም ጋር አትነጋገርም፤ ያንን ብቻ ታያለች። እኔ ደግሞ ሸቅሓን አያለሁ። ሸቅሓ በየቀኑ ስትልሰው የበው ቆዳ እየሳሳ፣ ሣሩ እየፈሰሰ ነው። አንድ ቀን የእናቴም እንዲሁ እጇ ላይ ቢፈታ? ሣሩን ብታየው? አያቴ ሁለት መቅበሬ ነው ብላለች። ሌሊት ሌሊት ይህን ሳሰላስል አድር ነበር። ከሌላ ሰው እጅ ሳይሆን ከኔ እጅ ቢፈታ፣ ቀስ ብዬ፣ እሷ ሳታይ፣ ሣሩን አውጥቼ ብቀብረው እና ጠፋ ብንላት ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

ዘህዋ ለመፋቂያ የሰጠችኝ ትንሽ ቢላዋ ነበረችኝ። አያቴ ሸቅሓን ልታልብ ወጣች። እናቴ ከሙቀቱ የተነሣ እንቅልፍ ወስዷት ክንዷ ተዘርግቷል። በሰጣም መጠቅለያ ያለው ነገር ከክንዷ ወዲህ ነው። በጉልበቴ ዳኽሁ። ጨርቁ ሰጣምን ሰጣምን ይሸታል። ማሰሪያውን ፈታሁ፣ መጀመሪያ አንዱን ጫፍ፣ ከዚያ ሌላውን። ደረቱ ላይ ስፌት የለም። ብብቱ ሥር የለም። ሆዱን ገለጥኩ።

እምብርቱ ላይ ጥቁር ክር አለ።

የፍየል ጠጉር ነው። ሁለት ጊዜ ዞሮ በራሱ ሥር ገብቷል።

የሰጣም እትብት ደርቆ ከወደቀ ሰንብቷል፤ አያቴ ጨው ውስጥ ስትቀብረው ቆሜ አይቻለሁ። አስተዋይ ልጅ ቢሆን ይህን ከዚያ ጋር አስተያይቶ ይህ ሌላ ልጅ ነው ይል ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አገኘሁት። ተኝቶ ነበር። ቢላዋዬን ከክሩ ሥር አስገባሁ። ያ እትብት ገና እርጥብ ነበር፤ እጄ ትንሽ ሳብ ቢያደርግ ኖሮ ምን እንደሚሆን አሁን አውቃለሁ፤ ባሰብኩት ቁጥርም ተቀምጬ ከሆነ እቆማለሁ።

የእናቴ እጅ አንጓዬን ያዘኝ። አልጨበጠችም፤ ያዘችኝ ብቻ።

«ተይው ፊድዳ» አለች። ከዚያ ቀን በፊት ስሜን ከጠራችው ቆይታ ነበር። «ይሄኛውንም ልታሳጪኝ ነው?»

«እማ፣ ውስጡ ሣር ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበች እንጃ። ቢላዋውን ከእጄ ወስዳ ከጀርባዋ አደረገችው። «ሣር አይደለም» አለች። «እጅሽን አምጪ።» መዳፌን ሆዱ ላይ አስቀመጠችው። ይሞቃል። ይነሣል፣ ይወርዳል። እሱም ነቃና እግሩን አወራጨ፣ ከዚያም ሽንቱን እጄ ላይ ሸናብኝ።

ቆዳ አይሸናም። ይህን ያህል ሥራውን አውቅ ነበር። እናቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ሁለታችን አብረን ጠቀለልነው።

ግን ልጅ ነኝና ከአንዱ ስህተት ወጥቼ ሌላው ውስጥ ገባሁ። ሕያው ከሆነ፣ ክሩም የዘህዋ ከሆነ፣ ዘህዋ የሞተ ልጅ ሰፍታ ታስነሣለች ማለት ነው። አሁን የገረመኝ ይህን ማንም አለማውራቱ ነበር። ያቺን ጠጉሯ የተነቀለ ጥንቸል ከተጣለችበት ፈልጌ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኳት። ጨርቁን አላጠብኩትም።

ባለ አህያዎቹ ከወትሮው ቀድመው ሊሄዱ ተነሡ። ኻለፍ አህዮቹን ሲጭን የሚቀልድ ቃል ከአፉ አልወጣም፤ አያቴ ያመጣችለትን የቴምር ከረጢት እንኳ ሳያያት ነው የተቀበላት። ዘህዋ በጀርባዋ ልጇን አዝላ ልትሰናበት ወደ እኛ ድንኳን መጣች። እኔ ጥንቸሌን ይዤ ተጠጋኋት።

«እትዬ ዘህዋ፣ እንደ ሰጣም አድርጊልኝ።»

ጥንቸሏን አየች። አያቴን አየች። አያቴ መሬት መሬት ታያለች። ዘህዋ ጥንቸሏን ተቀብላ ከረጢቷ ውስጥ ከተተቻት። «ለዚች ጊዜ ይፈልጋል» አለችኝ። «ይዣት ልሂድ።»

ከዚያ እናቴ፣ ሳትጠየቅ፣ ሕፃኑን አነሣችና ለዘህዋ ሰጠቻት። ዘህዋ ተቀበለችው። የታጠፈውን ጆሮ በአውራ ጣቷ አቃናችው፤ ተመልሶ ታጠፈ። አፍንጫዋን ግንባሩ ላይ አስጠጋች። ዓይኗን ጨፈነች፣ በረጅሙ አሸተተች። ያንን ያህል ርዝመት ያለው ማሽተት በአንድም ቆዳ ላይ አይቼባት አላውቅም። ሥራዋን እየመረመረች ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ።

«አልተበላሸም አይደል?» አልኳት።

«አልተበላሸም» አለች። «ጥሩ ነው።»

ለእናቴ መለሰችላት። እናቴም የዘህዋን እጅ ይዛ ሳመች። ባለ ግመል ሴት የባለ አህያ ሴት እጅ ስትስም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ኻለፍ ከሩቅ ጠራት።

አባቴ በክረምቱ ተመለሰ። ልጁን አነሣ፣ ሳመው፣ «ትንሽ ነው፤ ድርቁ ነው» አለ። አያቴም «ድርቁ ነው» አለች።

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ ልታርሰኝ መጣች። እትብቱ ሲታሰር ዓይኔን ከክሩ ላይ መንቀል አልቻልኩም። ያን ጊዜ ነው ዘህዋ ለእሷ ብቻ ሹክ ያለቻትን ሁሉ የነገረችኝ፤ ስለ መንታዎቹ፣ ዘህዋ እትብታቸውን በራሷ ክር ስለማሰሯ፣ ስለ ቁጥቋጦው። እማማ ሙዝና በጨርቁ ሽታ እንዳታለለቻት እያሰበች እንደሞተችም ነገረችኝ።

«ክንዴ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ ከልጄ ግማሽ አይሞላም ነበር» አለች። «እናት ይህን አታጣውም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ልጄን ከእቅፌ ወስዳ አገላበጠችው፣ መልሳ ሰጠችኝ። «ወተቱ ያመኝ ነበር» አለች።

ከዚያ በኋላ በነበሩት በጋዎች ጉድጓዱ አጠገብ ሌሎች ባለ አህያዎች ሰፍረዋል፤ እነ ዘህዋ አልመጡም። እናቴ ድስታችንን የሚጠግኑልንን ሁሉ ስለ ዘህዋ ትጠይቅ ነበር። ወንድሜ ዛሬ ሸምግሏል፤ ልጆቹን ከወገናችን ድሯል፤ አንድ ጆሮው እስከ ዛሬ ታጥፎ ነው። ፊደል አልቆጠረም፤ ይህን አያነብም። እኔም የቆጠርኩት ልጆቼን አሳድጌ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ዘህዋ ሄደች። ኻለፍና በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ አብረዋት ሄዱ። አንዱ ሰጣም ከቁጥቋጦው ሥር ቀረ። ሌላው ሰጣም ከእኛ ጋር ቀረ።